ካንሰር የያዘውን ሰው ለሚያስታምም ቤተሰብ፦ ሕክምናውን መከታተልና እውነቱን መነጋገር፣ ደረጃ በደረጃ

በአገራችን የካንሰር ምርመራ ውጤት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ለታማሚው ሳይሆን ለአስታማሚው ነው። ታማሚዋ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ፣ ልጇ ወይም ወንድሟ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያዝ አድርጎ «ዶክተር፣ እባክዎ ለእሷ እንዳይነግሯት» ይላል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ልጅ፣ ለዚያ ወንድም ነው። ሕክምናውንና ከታማሚ ጋር የሚደረገውን ንግግር አንድ ላይ ያደረግሁት ስለማይነጣጠሉ ነው። ምን እንደያዛት የማታውቅ ሴት በየ21 ቀኑ የሚያስመልሳትንና ጸጉሯን የሚያረግፍባትን መድኃኒት ለመውሰድ ለምን ትመላለሳለች? ሁለት ጊዜ ትመጣለች፣ በሦስተኛው ትቀራለች። ቤተሰቡ «ልቧ እንዳይሰበር» ብሎ የደበቀው ነገር ሕክምናዋን ያቋርጠዋል።

ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከጡትና ከማኅፀን በር ካንሰር የተወሰዱ ናቸው፤ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት እነዚህ ሁለቱ ናቸውና። የመድኃኒቱ ምርጫና መጠን የሐኪሙ ሥራ ነው። የእናንተ ሥራ ምን መጠየቅ፣ ምን መጠበቅ፣ መቼ መሮጥ እንዳለባችሁ ማወቅ ነው።

1. መጀመሪያ የፓቶሎጂ ወረቀት

እብጠት በእጅ ተዳሶ፣ በአልትራሳውንድ ታይቶ «ካንሰር ይመስላል» ሊባል ይችላል። ከጥቂት የካንሰር ዓይነቶች በቀር ግን ሕክምና የሚጀመረው ናሙና ተወስዶ፣ በማይክሮስኮፕ ታይቶ፣ ፓቶሎጂስት (ናሙና መርምሮ በሽታውን የሚለይ ሐኪም) ከፈረመበት በኋላ ነው። በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ናሙና የተበታተኑ ሕዋሶችን ብቻ ያሳያል። በወፍራም መርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና የሚወሰደው ባዮፕሲ ደግሞ ሥጋውን እንዳለ ያሳያል፤ ለተጨማሪ ምርመራም ይበቃል። የተሠራላችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ባዮፕሲ በሽታውን አያባብሰውም። እምነቱ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ሰው ያየው ነገር አለ። ታማሚዋ ዘግይታ ትመጣለች፣ ናሙና ትሰጣለች፣ ውጤትና ገንዘብ ስትጠብቅ ወራት ያልፋሉ፣ እብጠቱ ያድጋል፤ ጥፋቱም በመርፌው ይሳበባል። ስለዚህ «ይሄ የኋላ ቀር ወሬ ነው» ብላችሁ አታሸማቅቋት። «እነሱን የጎዳቸው መሀል ላይ የባከነው ጊዜ ነው፤ እኛ አናባክንም» ብትሏት ይሻላል፣ እውነትም ነው።

ናሙናውን ራሳችሁ ወደ ላብራቶሪ እንድታደርሱ ትታዘዙ ይሆናል። ስትቀበሉ ዕቃው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፎርማሊን መሆኑን፣ ሥጋውን በደንብ መሸፈኑን፣ ስም፣ የካርድ ቁጥርና የተወሰደበት ቦታ መጻፉን እዩ። በውሃ ወይም በግሉኮስ ውስጥ የቆየ ሥጋ ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ፓቶሎጂስት አያነበውም። በትንሽ ክሊኒክ እብጠት ተቆርጦ ሲወጣም «ጮማ ነው፣ አያሳስብም» ቢሏችሁ እንኳ ወደ ፓቶሎጂ እንዲላክ ጠይቁ። ተጥሎ ከሆነ ምን እንደነበረ የሚነግራችሁ የለም።

ውጤቱ የጡት ካንሰር ከሆነ የሆርሞን ተቀባይና የኸር-2 ምርመራ (ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆኑን፣ ኸር-2 የሚባል ፕሮቲን የበዛበት መሆኑን የሚያሳይ) ተሠርቶ እንደሆነ ጠይቁ። የመድኃኒቱ ምርጫ በእነዚህ ላይ ይወሰናል። ላብራቶሪው የማይሠራቸው ከሆነ ናሙናው በሰም ተደርጎ የተቀመጠበትን «ብሎክ» ተቀብላችሁ ወደሚሠራበት ውሰዱ፤ እንደገና መቆረጥ የለባትም።

2. ደረጃውንና ዓላማውን መጠየቅ

ካንሰር ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል። በጥቅሉ 1 ማለት ከተነሣበት ቦታ ያልራቀ፣ 4 ማለት ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሻገረ ነው። ይህን ለመወሰን የደረት ራጅ፣ የሆድ አልትራሳውንድ፣ አንዳንዴም ሲቲ ስካን ይታዘዛል።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅማችሁ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ የሕክምናው ዓላማ ምንድን ነው? ለማዳን ነው፣ በሽታውን ይዞ ዕድሜ ለማራዘም ነው፣ ወይስ ሥቃይዋን ለማቅለል?» ሦስቱም ሕክምና ናቸው። ደረጃ 4 ላይ የደረሰ የጡት ካንሰር ይዘው በመድኃኒት ዓመታት የሚኖሩ ሴቶች አሉ። ዓላማው ሳይታወቅ ግን ቤት ሸጦ ለመታከም መወሰን፣ ወይም ሊድን የሚችለውን ሰው «በቃ አርፈሽ ተቀመጪ» ማለት፣ ሁለቱም ይመጣሉ። ሁለቱንም አይቻለሁ።

3. ሕክምናዎቹና ቅደም ተከተላቸው

ቀዶ ሕክምናና ጨረር የሚሠሩት በተደረጉበት ቦታ ላይ ነው። ኬሞ (የካንሰር ሕዋሶችን የሚገድል መድኃኒት)፣ የሆርሞን መድኃኒትና ዒላማ ለይተው የሚመቱት መድኃኒቶች ደግሞ በደም ውስጥ ዞረው መላ ሰውነትን ይደርሳሉ። አብዛኛው ታማሚ ከእነዚህ ሁለት ወይም ሦስቱ ያስፈልጉታል። ስለዚህ «ቆርጠው አውጥተውልኛል፣ ምን ቀረኝ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱም አለው። በዓይን የማይታዩ የካንሰር ሕዋሶች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከጡት ወጥተው ሊሆን ይችላል፤ ኬሞውና ክኒኑ ለእነሱ ነው። እብጠቱ ትልቅ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ በኬሞ ይቀነስና ከዚያ ይቆረጣል። ሐኪሙ «ቶሎ አይቆረጥም» ሲል ተስፋ ቆርጦ እንዳይመስላችሁ።

ለጡት ካንሰር የተለመደው ኬሞ በየ21 ቀኑ ይሰጣል። ይህ ቀን እንዲሁ የተቆረጠ አይደለም። መድኃኒቱ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሶችን ይመታል፤ የአጥንት መቅኔ ውስጥ ያሉ ደም ሠሪዎችም ከእነዚህ ናቸውና ለማገገም ሦስት ሳምንት ያህል ይወስድባቸዋል። ከዚያ በላይ መዘግየት ለካንሰሩም የማገገሚያ ጊዜ መስጠት ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የደም ምርመራ ይታዘዛል፤ ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ከሆነ ምርመራውን አንድ ሁለት ቀን ቀድማችሁ በአካባቢያችሁ ማሠራት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ነጭ የደም ሕዋስ አንሶ «ተመለሱ» ከመባል ያድናችኋል።

የማኅፀን በር ካንሰር በአካባቢው ከተስፋፋ ዋናው ሕክምና ጨረር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለአምስት ሳምንት ያህል ከውጭ ይሰጣል፤ ከዚሁ ጋር ኩላሊቷ ከፈቀደ በሳምንት አንድ ቀን ሲስፕላቲን የሚባል ኬሞ አለ። ቀጥሎ ብራኪቴራፒ የሚባለው ከውስጥ የሚሰጥ ጨረር ይመጣል። ሙሉ ሕክምናው ከተጀመረ በ8 ሳምንት ውስጥ እንዲያልቅ ይፈለጋል፤ ከዚያ ሲያልፍ ውጤቱ ይቀንሳል። ለልደት ወይም ለሠርግ ብሎ አንድ ሳምንት ማቋረጥ ዋጋ ያስከፍላል።

በአገራችን የጨረር ነገር ሲነሣ ወረፋውን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ውጭም አገልግሎቱ ተከፍቷል። ሪፈር ሲጻፍላችሁ «ከዚህ ሌላ ጨረር የሚሰጥበት የቀረበ ቦታ አለ?» ማለት ወራት ሊያተርፍላችሁ ይችላል። ወረፋ ላይ ስልካችሁን ስታስመዘግቡ የሁለት ሰው ቁጥር ስጡ። ተራ ደርሶ ስልኩ ዝግ በመሆኑ ያለፈው ሰው ጥቂት አይደለም።

የሆርሞን ተቀባይ ያለው የጡት ካንሰር ከኬሞው በኋላ ታሞክሲፈን ወይም መሰል ክኒን ይታዘዝለታል፤ በየቀኑ፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት። ይህ ክኒን ርካሽና ቀላል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ጸጉሯ በቅሎ፣ ወደ ሥራዋ ተመልሳ፣ ሁሉም ረስቶት ሳለ ትተወዋለች። «ቫይታሚን ነው» ተብሎ ተነግሯት ከሆነማ በመተዋ ማን ይፈርድባታል?

ወጣት ለሆነችና ልጅ ለምትፈልግ ሴት፣ ለወንድም ቢሆን፣ የመውለድ ጉዳይ የሚነሣው ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ነው። ሐኪሙ ካላነሣው እናንተ አንሡት። በሕክምናው ወቅት ማርገዝ አይገባም፤ ታሞክሲፈንም ጽንስን ይጎዳል።

4. እንዴት ይነገራት?

እኛ መርዶ የምንነግርበት ሥርዓት አለን። በማታ አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም፣ ሰውየው ብቻውን ሳለ አይነገርም፤ የሚቀርበው ሰው ተጠርቶ፣ ተቀምጦ፣ በማለዳ ነው። ለካንሰር ውጤትም ከዚህ ሥርዓት የሚወሰድ ብዙ አለ። የማይወሰደው አንዱ ነገር መርዶ ነጋሪዎቹ ተሰብስበው በሰውየው ፈንታ መወሰናቸው ነው። የሞተው ተመልሶ አይመጣም፤ እሷ ግን በሕይወት አለች፣ ሰውነቱም የእሷ ነው። ለቀዶ ሕክምናው ፈርማ የምትገባውም እሷ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2000 የካንሰር ሐኪሞች ከባድ ዜና ለመንገር የሚረዳ ስድስት ደረጃ ያለው አካሄድ አውጥተዋል፤ ዛሬ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ቦታውን አዘጋጅ፣ ምን እንደምታውቅ ጠይቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ጠይቅ፣ በቀላል ቃል ንገር፣ ስሜቷን ተቀበል፣ ቀጣዩን ሥራ አስረዳ። ሐኪሙ ጊዜ ካላገኘ፣ ብዙ ጊዜም አያገኝም፣ ቤተሰብም ይህንኑ መከተል ይችላል።

በመጀመሪያ ሐኪሙን። «አትንገሯት» ከማለት ይልቅ «ስትነግሯት እኔም ልኑር፤ ደንጋጭ ናት፣ ቀስ አድርገው ያስረዱልኝ» በሉት። ይህን የሚጠላ ሐኪም አላውቅም። ታማሚዋ አማርኛ የማትናገር ከሆነ አስተርጓሚ ልጇ እንዳይሆን ጥረት አድርጉ። ልጅ የእናቱን ሞት አይተረጉምም፤ ለስለስ አድርጎ ያልተባለውን ይነግራታል። የእሷን ቋንቋ የምትናገር ነርስ ፈልጉ።

እቤት የምትነግሩ ከሆነ ደግሞ ከጥያቄ ጀምሩ፦

«እማዬ፣ ከጡትሽ ላይ የወሰዱት ውጤት መጥቷል። አንቺ ምን ይመስልሻል?»

አብዛኛዋ ጠርጥራለች። «ያ ክፉ በሽታ እንዳይሆን ፈርቻለሁ» ልትል ትችላለች፤ እንደዚያ ካለች ግማሹን እሷው ነገረቻችሁ። «ምን አውቃለሁ ልጄ» ካለች ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦

«ያሉኝን ሁሉ ልንገርሽ? ወይስ ዋና ዋናውን ብቻ?»

እዚህ ላይ «አንተ ጨርሰው፣ እኔ መስማት አልፈልግም» የምትል እናት አለች። መብቷ ነው። ያን ጊዜ የምትደብቋት እናንተ አይደላችሁም፤ እሷ ናት የመረጠችው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሐሳቧን ስትቀይር መጠየቅ እንደምትችል ታውቃለችና። «እሺ፤ ማወቅ ያማረሽ ቀን ጠይቂኝ» በሏትና ተዉት።

ማወቅ ከፈለገች አጭር ይሁን። «ውጤቱ እንደፈራነው ነው። ካንሰር ነው።» ከዚያ ዝም በሉ። ከባዱ ይህ ዝምታ ነው፤ ሁላችንም በቃል ልንሞላው እንቸኩላለን። ታልቅስ፣ ትቆጣ፣ «ምን በደልኩት?» ትበል። መልስ እየጠየቀች አይደለም። እጇን ያዙ። ከቆይታ በኋላ «ሐኪሞቹ የሚሉት ሕክምና አለው፤ ሰኞ እንድንሄድ ቀጥረውናል፣ እኔም አብሬሽ ነኝ» በሏት። ስለ ኬሞ ብዛት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ደረጃ በዚያ ሰዓት ብትናገሩ አትሰማችሁም። ነገ ይደርሳል።

«አይዞሽ» ጥሩ ቃል ነው፤ ግን ሰዓት አለው። ከሰማችኋት በኋላ ሲመጣ ያጽናናል። ሳትናገር ቀድሞ ሲመጣ ግን አፏን ይዘጋዋል፤ ፍርሃቷን ለመንገር የጀመረችውን ወደ ውስጥ ትመልሰዋለች። «ምንም አይደለም» ደግሞ ጨርሶ አይባልም፤ ምንም ካልሆነ ጡቷ ለምን ይቆረጣል? ጠያቂ ከሚያመጣቸው ንግግሮች ሦስቱን በር ላይ አስቀሩልኝ፦ «የእከሌ ሚስትም በዚሁ ነበር የሞተችው»፣ «ከምን አመጣሽው?»፣ «ንስሐ ግቢ፣ ያለ ምክንያት አይመጣም»። ጠያቂውን አስቀድሞ ሰብሰብ አድርጎ «ስለ በሽታው አትጠይቋት፣ ስለ ሰፈሩ አጫውቷት» የሚል አንድ ደፋር ዘመድ ያስፈልጋል።

«ስንት ጊዜ አለኝ?» ብላ የጠየቀች ቀን አትሽሹ፣ ቁጥርም አትጥሩ። «ለምን ጠየቅሽ?» በሉ፣ በረጋ ድምፅ። አንዷ የልጇን ሠርግ እያሰበች ነው፤ ሌላዋ የቤቱ ካርታ በማን ስም እንደሚሆን፤ ሦስተኛዋ ሥቃይ ነው የፈራችው። መልሱ ከጥያቄው ጀርባ ያለውን ካወቃችሁ በኋላ ነው የሚመጣው። ከዚያ አብራችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ሐኪሙም በቁጥር ሳይሆን «ወራት»፣ «ዓመታት» እያለ በግምት ነው የሚነግራችሁ።

ትንንሽ ልጆች ካሉ እነሱም ይነገራቸው፣ በዕድሜያቸው ልክ። ያልተነገረው ልጅ የራሱን ታሪክ ይፈጥራል፤ «እኔ ስላስቸገርኳት ነው የታመመችው» ይላል። «እማዬ ታማለች፤ መድኃኒቱ ጸጉሯን ያረግፈዋል፣ ይመለሳል፤ በሽታው አይተላለፍም፣ ማቀፍ ትችላለህ» ይበቃዋል። የማኅፀን በር ካንሰር የያዛት እናት ስለ ሴት ልጆቿ ስትጠይቅ ደግሞ የምትነግሯት ጥሩ ነገር አለ። መነሻው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ክትባቱን ለታዳጊ ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ለትልልቆቹ በጤና ጣቢያ የሚሠራ ቅድመ ምርመራ አለ።

ከውጭ አገር ገንዘብ የሚልክ ወንድም ወይም እህት ካለ አንድ ነገር ቀድማችሁ ተስማሙ፦ ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ይሁን፤ ለሌሎቹ እሱ ያስረዳ። ከዋሽንግተን አንዱ «ወደ ህንድ ትሂድ»፣ ከዱባይ ሌላዋ «አትቆረጥ» ሲሉ፣ መሀል ቤት ቀጠሮ ያልፋል።

5. ኬሞ በተወሰደ ማግስት፣ እቤት

ከሁሉም በፊት ቴርሞሜትር ግዙ። ኬሞ ከተሰጠ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋስ ወደ ታች ይወርዳል፤ በእነዚያ ቀናት ቀላል የሚመስል ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም ብርድ ብርድ ካላት፣ ሌሊትም ይሁን እሑድ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ፓራሲታሞል ሰጥቶ «እስኪነጋ እንይ» ማለት ትኩሳቱን ይደብቀዋል፣ ኢንፌክሽኑን አይነካውም። በር ላይ እንደደረሳችሁ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ኬሞ ላይ ናት፣ ትኩሳት አላት» ይሁን። ይህን ሳትናገሩ ከጉንፋን ታማሚ ጋር ተሰልፋችሁ ልትቆዩ ትችላላችሁ። ከዚህ መመሪያ አንዱን አንቀጽ ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ክትፎ፣ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ሕክምናው እስኪያልቅ ይቅር፤ «ደም እንዲተካላት» ብሎ ጥሬ ጉበት የሚያመጣ ዘመድ አይጠፋም፣ አመስግናችሁ ጥበሱት። ሰላጣና ፍራፍሬ በንጹሕ ውሃ በደንብ ይታጠብ፣ የሚላጠው ይላጥ። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ይደውል እንጂ አይምጣ።

ማስመለሱን የሚከላከል መድኃኒት ከኬሞው በፊት ይሰጣል፤ ለቤት የታዘዘውንም ማስመለስ እስኪጀምራት ሳትጠብቁ በሰዓቱ ስጧት። ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። አፏ ከቆሰለ በርበሬና የኮመጠጠ እንጀራ ያቃጥላታል፤ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሾርባ፣ የተፈጨ ሙዝ ይሻላል፤ በጨው ውሃ እየተጉመጠመጠች ትተፋ። ጸጉር ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ኬሞ ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ መርገፍ ይጀምራል። ቀድማችሁ ንገሯት፤ ራሷ ቀኑን መርጣ ብታሳጥረው ትራሱ ላይ በድንገት ከምታገኘው ይቀላታል። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀይ መድኃኒት ከተሰጣት በኋላ ሽንቷ አንድ ሁለት ቀን ቢቀላ ደም አይደለም። መድኃኒቱ እየገባ ሳለ ክንዷን ካቃጠላት ግን «ትንሽ ነው፣ እችለዋለሁ» አትበል፤ ያኔውኑ ሲስተሯን ጥሩ፣ ከደም ሥር ውጭ የፈሰሰ መድኃኒት ሥጋ ያቆስላልና።

ፀበልና ጾም። ብዙ ታማሚዎች ፀበል ይሄዳሉ፤ ይህን ለሐኪሙ መደበቅ አያስፈልግም። በኤችአይቪ ዘመን መድኃኒት ጥለው ፀበል የገቡ ሰዎች ሲበዙ፣ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ፀበሉ አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለካንሰርም የተለየ አይደለም፦ ክኒኗን ይዛ ትሂድ፣ የኬሞ ቀኗ ሲደርስ ትመለስ። ጥንቃቄው ነጭ የደም ሕዋሷ በወረደበት ሳምንት ላይ ነው፤ ያልፈላ ውሃ በብዛት መጠጣትና በብርድ መጠመቅ ያን ሳምንት ይቆይላት። ለጾሙ ደግሞ ንስሐ አባቷ ራሳቸው ቢነግሯት ይሻላል፤ እናንተ «ብይ» ስትሏት እንቢ ያለችው እናት እሳቸው ሲፈቅዱላት ወተቷን ትጠጣለች። ሙስሊም ታማሚም በረመዳን ሕመምተኛ እንደሚፈታለት ከኢማሙ አፍ ቢሰማ ይቀለዋል። የባሕል መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ስሙንና መጠኑን ለሐኪሙ ንገሩ፤ ጉበትና ኩላሊት ላይ ከኬሞው ጋር ተደራርቦ የሚጎዳ አለና።

6. ወረቀትና ገንዘብ

አንድ ፋይል ግዙና የፓቶሎጂ ውጤት፣ የቀዶ ሕክምና ማጠቃለያ፣ የእያንዳንዱን ዙር ቀንና የመድኃኒት ስም በውስጡ አስቀምጡ። ኮፒ አድርጉ፤ ዋናውን አትስጡ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሡ። ታማሚ ሆስፒታል ሲቀይር ከምንም በላይ ጊዜ የሚበላው የጠፋ ወረቀት ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ የሪፈር ሰንሰለቱን ሳትዘልሉ ኑ፤ ከወረዳችሁ የተጻፈ ሪፈር ከሌለ መድኑ ላይሸፍን ይችላል። መድኃኒት በሆስፒታሉ ከጠፋ የከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን ጠይቁ። ከሻንጣ ነጋዴ የሚገዛ ኬሞ ግን፣ ዋጋው ቢረክስም፣ በምን ሙቀት እንደመጣ አይታወቅምና ይቅር። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ የሚሰጥ ድርጅት አለ፤ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በስሙ ያቋቋሙት። ካንሰር ለያዛቸው ልጆች ደግሞ ተስፋ አዲስ የወላጆች ማኅበር አለ። አልጋ ስለሚሞላ ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉ።

7. ሥቃይን ማስታገስ፣ እና ኬሞው ሲቆም

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የካንሰር ሕመም ማስታገሻ ሥርዓት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። መርሑ ቀላል ነው፦ ከተቻለ በአፍ፣ በሰዓቱ፣ እንደ ሕመሙ ክብደት ከቀላሉ ወደ ጠንካራው። «በሰዓቱ» የሚለው ላይ ነው ቤተሰብ የሚሳሳተው። በየ4 ሰዓቱ የታዘዘ ሞርፊን (ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ) «ሲያማት እንሰጣታለን» ተብሎ ሲቆይ ሕመሙ ይቀድማል፣ ለማውረድም ይከብዳል።

ሞርፊን የሚፈራው «ሱስ ያስይዛል፣ ቶሎ ይገድላል» ተብሎ ነው። በሐኪም ትእዛዝ፣ ለካንሰር ሕመም፣ ቀስ እየተባለ የሚጨመር ሞርፊን ሰው አይገድልም፤ ሱሰኝነትም በዚህ ሁኔታ ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው የሆድ ድርቀት ነው፤ የማያልፍ ነውና ሞርፊኑ ከታዘዘበት ቀን ጀምሮ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዝ። በጀመረች ሰሞን እንቅልፍ ያበዛባታል፣ በጥቂት ቀናት ይለቃታል። መነሣት እስኪያቅታት ከደነዘዘች ወይም ትንፋሿ ከዘገየ ግን ወዲያው ለሐኪም ንገሩ።

ሐኪሙ ኬሞው እንዲቆም ሲወስን «ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም» የሚል ቃል ከማንም አፍ እንዳይወጣ። የሚደረግ አለ። ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ቁስል፣ ፍርሃት፣ ሁሉም ሕክምና አላቸው። በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ እየሄደ ይህን አገልግሎት ይሰጣል፤ በትልልቅ ሆስፒታሎችም ማስታገሻ ክፍል እንዳለ ጠይቁ። ለእሷም «መድኃኒቱ ካንሰሩን ማቆም አቅቶታል፤ አሁን የምንታገለው ሥቃይሽን ነው» ማለት ይቻላል። ይህን የሰማች ሴት ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ከሚፈራው ይልቅ ትረጋጋለች፤ ማስመሰሉ ቀርቶላታልና። ኑዛዜ ካላት፣ የሚከፈል ዕዳ ካላት፣ ይቅር የምትባባለው ሰው ካለ፣ ጊዜው ያ ነው።

«አገሬ ውሰዱኝ» ካለች በዚያው ሳምንት ወስኑ። መኪና ላይ መቀመጥ የምትችልበት ጊዜ አጭር ነው፤ ያለፈ እንደሆነ ጉዞው ለእሷ ሥቃይ፣ ለእናንተም ብዙ ወጪ ይሆናል። ከመነሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ከሐኪሙ ተቀበሉ፦ ቢያንስ ለአንድ ወር የሚሆን ሞርፊንና የሆድ ማለስለሻ፣ በአካባቢያችሁ ላለው ሆስፒታል የተጻፈ ደብዳቤ፣ እና ሞርፊኑ ሲያልቅ ማን እንደሚያዝላት የሚገልጽ ስምና ስልክ። በገጠር ጤና ጣቢያ ሞርፊን ላይገኝ ስለሚችል ሦስተኛውን ሳትይዙ አትውጡ።